የመራመድ ማሠልጠኛ ሮቦት ታካሚ ሳይወጣበት በፊት በምን ቅደም ተከተል ይፈተሽ? (ድሬዳዋ)

ሳቢያን_ቴራፒ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ድሬዳዋ ውስጥ ላለ የፊዚዮቴራፒ ክፍል ያገለገለ የመራመድ ማሠልጠኛ ሮቦት በእርዳታ መጥቷል። ከትሬድሚል ጋር የተያያዘው ዓይነት ነው። ታካሚው መታጠቂያ ለብሶ ከላይ ይንጠለጠላል፣ በሁለቱም እግር ዳሌና ጉልበት ላይ ሞተር አለ፣ ክብደት የሚያቀልለው ክፍል በኤሌክትሪክ ዊንች (ገመድ እየጠቀለለ በሚያነሳ ሞተር) ይሠራል። የአምራቹ መመሪያ አብሮ መጥቷል፤ የመጨረሻው የካሊብሬሽን (የመለኪያ ማስተካከያ) ወረቀት ግን የለም።

የሚጠቀሙበት አብዛኞቹ ስትሮክ የመታቸው ናቸው፤ ጥቂት የህብለ ሰረሰር ጉዳት ያለባቸውም አሉ። ክፍሉ ከሰዓት በኋላ 35 ዲግሪ ይደርሳል። መብራት በቀን አንድ ሁለቴ ሊሄድ ይችላል፤ ጀነሬተሩ እስኪነሳ ግማሽ ደቂቃ ያህል ይፈጃል። በእጃችን ያለው መልቲሜትር፣ ሜትር፣ የደም ግፊት መለኪያና የእጅ ሰዓት ነው። የኤሌክትሪክ ደህንነት መመርመሪያ መዋስ ይቻላል።

ማወቅ የምንፈልገው፦ ምኑ ይቅደም? በምን ክብደት ይሞከር? ዩፒኤሱ (መብራት ሲሄድ የሚተካው ባትሪ) ምን መሸከም አለበት? የጡንቻ መኮማተር ሲመጣ ሮቦቱ በትክክል መቆሙ በምን ይረጋገጣል? «ሥራ ላይ አውለን እናየዋለን» የሚለውን ሐሳብ አንቀበለውም።

ለገሃሬ_ሰርኪት፦

መጀመሪያ የሚፈተሸው አቋቋሙ ነው፣ አረማመዱ ይቆያል። ሰው አየር ላይ ተንጠልጥሎ፣ እግሩ ከሞተር ጋር ታስሮ መብራት ቢሄድ ምን እንደሚሆን ሳታውቁ ሌላው ሁሉ ዋጋ የለውም።

ከሶኬቱ ጀምሩ። ሦስት ቀን ጠዋት፣ ቀትርና ማታ ቮልቴጁን መዝግቡ፤ 220 ላይ መዋል የሚገባው ምሽት ላይ የት እንደሚወርድ ታያላችሁ። ቀጥሎ ማሽኑ እየሠራ በኒውትራል (ከረንት በሚመለስበት ሽቦ) እና በአርዝ (ከመሬት ጋር በተያያዘው የመከላከያ ሽቦ) መካከል ያለውን ቮልቴጅ ለኩ። ጥቂት ቮልት የተለመደ ነው፤ ከዚያ ካለፈ አንዱ ሽቦ ላልቷል። ልክ ዜሮ ካነበበ ደግሞ አትደሰቱ። ሶኬቱ ውስጥ አርዙን ከኒውትራሉ ጋር በቁራጭ ሽቦ ያገናኘ ሠራተኛ ሊኖር ይችላል። ያ ኒውትራል የሆነ ቦታ ላይ ቢበጠስ የማሽኑ ብረት በሙሉ 220 ቮልት ተሸክሞ ይቀመጣል፣ ታካሚው ደግሞ በላብ የራሰ ነው። ሶኬቱን ፍቱና በዓይናችሁ እዩ። በዲቫይደር አታገናኙት፤ የራሱ መስመርና የራሱ ብሬከር ይኑረው።

ከዚያ የተዋሳችሁትን መመርመሪያ አውጡ። ያገለገለ የሕክምና መሣሪያ የሚፈተሸው አይኢሲ 62353 በተባለው ዓለም አቀፍ የኤሌክትሪክ ደረጃ ነው። ከሶኬቱ መሰኪያ እስከ ማሽኑ ብረት ያለው የአርዝ ተቃውሞ፣ ገመዱ የማይነቀል ከሆነ፣ ከ0.3 ኦም መብለጥ የለበትም። ይህ በተራ መልቲሜትር አይለካም፤ ፍተሻው ቢያንስ 200 ሚሊአምፒር ከረንት ማሳለፍ ይጠይቃል፤ መልቲሜትር ግን ከዚያ እጅግ ያነሰ ስለሚልክ በአንድ ክር ብቻ የቀረን ሽቦ «ደህና ነው» ይላችኋል። አርዝ ያለው ማሽን በቀጥታ ዘዴ ሲለካ የሊኬጅ (ሾልኮ የሚወጣው) ከረንቱ፣ አምራቹ ሌላ ካልጻፈ፣ ከ500 ማይክሮአምፒር በታች መሆን አለበት። እኛ ጋ መሰኪያ ተገልብጦም ስለሚገባ በሁለቱም አቅጣጫ ለኩ። ሲለካ ሁሉም ሞተሮች የበሩ ይሁኑ።

አሁን ዊንቹ። የደቻቱን ወንዝ አሸዋ በደንብ አድርቁ፤ እርጥብ ከሆነ ሲደርቅ ክብደቱ ይቀየርባችኋል። 20 ኪሎ የሆኑ አራት ከረጢቶች በታመነ ሚዛን አስመዝኑና በራሱ በመታጠቂያው ላይ ስቀሉ። 0፣ 20፣ 40፣ 60፣ 80 እያላችሁ ጫኑ፣ በዚያው ቅደም ተከተል ወደ ታች አውርዱ፣ ስክሪኑ የሚለውን በየደረጃው ጻፉ። ለምሳሌ 40 ላይ ስትጭኑ 40.3፣ ስታወርዱ 41.5 ካለ ሴንሰሩ ሳይሆን መዘውሩ ወይም ገመዱ እየታሸ ነው፤ ካሊብሬሽን አያስተካክለውም፣ ተፈትቶ ይጸዳል። በሁለቱም አቅጣጫ እኩል ከሳተ ግን ካሊብሬሽን ነው። መለያው ላይ ከተጻፈው ክብደት በላይ ለሙከራ ብላችሁ አትጫኑ። የገመዱን ክሮች በጨርቅ ዳስሱ፤ ጨርቁ የሚይዝበት ቦታ ካለ ክር ተበጥሷል፣ ገመዱ ይቀየር።

ቀጥሎ ዋናው። 80 ኪሎው ተንጠልጥሎ፣ ምንጣፉ በ1.6 ኪሎሜትር በሰዓት እየሄደ፣ መሰኪያውን ንቀሉ። ከጎን በስልክ ስሎው ሞሽን ቅረጹ። የምታዩት ሦስት ነገር ነው፦ ክብደቱ ባለበት ቀረ ወይስ ወረደ? የሮቦቱ እግር ደርቆ ያዘ ወይስ ላላ? ምንጣፉና እግሩ እኩል ቆሙ ወይ? በዚህ ፍጥነት ምንጣፉ በሰከንድ 44 ሴንቲሜትር ይጓዛል። እግሩ በቅጽበት ደርቆ ምንጣፉ ቀስ እያለ በ1 ሰከንድ ቢቆም፣ የታካሚው ጫማ 22 ሴንቲሜትር ያህል ወደ ኋላ ይጎተታል። ጉልበት የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው። በአምስት የተለያየ የእርምጃ ቦታ ድገሙት፤ አንድ ጊዜ አይበቃም።

ስለ ዩፒኤስ፦ የትሬድሚሉን ሞተር እንዲሸከም አታስቡ። ኮምፒውተሩን፣ የሞተር መቆጣጠሪያውንና ዊንቹን ይያዝ፤ ሥራውን ለመጨረስ ሳይሆን ሰውየውን ለማውረድ ነው። ዊንች ሲነሳ ከመደበኛው ብዙ እጥፍ ከረንት ይስባል፤ ወረቀት ላይ የሚበቃ ዩፒኤስ በተግባር «ጢጢ» ብሎ ሊጠፋ ይችላል። ስለዚህ በባትሪ ብቻ 80 ኪሎውን አውርዱ። ያ እምቢ ቢል ደግሞ በእጅ መዘውር አውርዱና ሰዓት ያዙ። የእጅ መዘውሩ ማሽኑ ላይ በገመድ ታስሮ ይንጠልጠል፤ መሳቢያ ውስጥ ከተቀመጠ በዚያን ሰዓት አይገኝም። የሊድ ባትሪ በ10 ዲግሪ ተጨማሪ ሙቀት ዕድሜው ወደ ግማሽ ስለሚወርድ በድሬ ሙቀት ይህን ፈተና በየወሩ ድገሙት።

አንድ ወጥመድ ብዙ ሰው አያየውም። መብራት ሲሄድ ሳይሆን ሲመጣ ነው። አንዳንዱ ማሽን እንደገና ሲነሳ የመገጣጠሚያውን ዜሮ ለመፈለግ እግሩን በራሱ ያንቀሳቅሳል። ጀነሬተሩ ከ30 ሰከንድ በኋላ ሲነሳ ታካሚው ገና ታስሮ ነው ያለው። የእናንተው እንዲህ ያደርግ እንደሆነ ባዶውን ፈትሹ። ካደረገ፣ መብራት በሄደ ቁጥር ዋናውን ማብሪያ ማጥፋት የመጀመሪያው ሥራ ይሁን፤ ግድግዳ ላይ በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሶማልኛ ተጽፎ ይለጠፍ።

ቀዩ የማቆሚያ ቁልፍም እንዲሁ፦ ሲጫን ተጭኖ መቅረት አለበት፣ ሲዞር ሲለቀቅ ደግሞ ማሽኑ በራሱ መንቀሳቀስ የለበትም። የባለሙያውም የታካሚውም ቁልፍ ለየብቻ ይሞከሩ።

ከዚራ_07፦

ለገሃሬ የኤሌክትሪኩን ነገር ጨርሶታል፤ እኔ ስለ አሻንጉሊት እግርና ስለ ሴንሰሩ ልጨምር።

በአሸዋ ከረጢት ብቻ የሮቦቱን እግር መፈተን አይቻልም፤ የሚወዛወዝ እግር ያስፈልጋል። ርካሽ ነው። 70 ኪሎ የሚመዝን፣ 1.70 ሜትር ሰው ጭኑ 7 ኪሎ ያህል፣ ከጉልበት በታች 3.2 ኪሎ፣ እግሩ መዳፍ 1 ኪሎ ይሆናል። ባለ 110 ሚሊሜትር የፕላስቲክ ቱቦ 42 ሴንቲሜትር ቆርጣችሁ ደረቅ አሸዋ ሙሉት፤ ከክዳኑና ከማጠፊያው ጋር ወደ 7 ኪሎ ይጠጋል። ለቅልጥሙ ባለ 75 ሚሊሜትር ቱቦ በተመሳሳይ ርዝመት። ጉልበቱ ላይ የበር ማጠፊያ፣ ከታች አሮጌ ጫማ። ቱቦው እንዳይንሸራተት ማሰሪያው የሚያርፍበትን ቦታ በስፖንጅ ጠቅልሉ። ጎዶሎውን በአሸዋ እየሞላችሁ በሚዛን አስተካክሉ።

በመጀመሪያ ማዕዘን። ማሽኑ እግሩን በ0፣ 30 እና 60 ዲግሪ እንዲያቆም አድርጉና በስልክ የማዘንበል መለኪያ ጭኑንና ቅልጥሙን ለየብቻ ለኩ፤ ልዩነታቸው ጉልበቱ ነው። ሰው ሲራመድ ጉልበቱ እግሩ ሲወዛወዝ ወደ 60 ዲግሪ ይታጠፋል። ስክሪኑ 60 እያለ እናንተ 66 ካነበባችሁ ቁልፍ ብሎን ላልቷል ወይም ኢንኮደሩ (ማዕዘን የሚለካው ሴንሰር) ዜሮውን ስቷል። ሁለቱን ለመለየት እግሩን በእጅ ወደፊትና ወደ ኋላ ነቅነቅ አድርጉ፤ ክፍተት ካለ ብሎን ነው። ኃይሉ ጠፍቶ ደግሞ የጉልበቱን የብረት ማገጃ ፈትሹ። ከቀጥታ አልፎ ወደ ኋላ እንዳይሄድ ሶፍትዌሩን አትመኑ፤ ብረቱ ራሱ ማገድ አለበት።

አሁን የመኮማተሩ ጉዳይ። ከቁርጭምጭሚቱ ከፍ ብሎ፣ ከጉልበቱ ማዕከል 30 ሴንቲሜትር ላይ፣ ገመድ እሰሩ። ገመዱን በተንጠልጣይ ሚዛን አሳልፋችሁ ከወለሉ ጋር ከተጠመደ ጠንካራ ነገር ጋር አያይዙ። በእጅ አትያዙት፤ ማሽኑ ካልቆመ እጃችሁን ይዞ ይሄዳል። ገመዱ እግሩ ሲወዛወዝ እንዲወጠር ርዝመቱን አስተካክሉ። ማሽኑ የቆመበትን ኪሎ አንብቡ፦ 10 ኪሎ ላይ ከቆመ ወደ 98 ኒውተን ነው፣ በ0.30 ሜትር ሲባዛ 29 ኒውተን ሜትር ያህል። ስክሪኑ ላይ ካስቀመጣችሁት ገደብ ጋር አስተያዩት። ገመዱ ከቅልጥሙ ጋር ቀጥ ያለ ማዕዘን ካልሠራ ስሌቱ ይበላሻል፤ ይህ ተደጋግሞ የሚሠራ ስህተት ነው። ለእያንዳንዱ መገጣጠሚያ፣ በመታጠፍም በመዘርጋትም፣ አሥር አሥር ጊዜ። አማካዩን ሳይሆን ከሁሉ የከፋውን መዝግቡ፤ ታካሚው የሚጎዳው በአማካዩ አይደለም። ግራና ቀኙ ከተለያዩ ሥራ አይጀመር።

ምንጣፉንም አትርሱት። ርዝመቱን በሜትር ለኩ፣ በጠመኔ መስመር አስምሩ፣ አሥር ዙር ቁጠሩ። ርዝመቱ 3.2 ሜትር ነው እንበል፤ አሥር ዙር 32 ሜትር፤ በ1.6 ኪሎሜትር በሰዓት 72 ሰከንድ መፍጀት አለበት። 76 ከፈጀ 5 በመቶ ወደ ኋላ ቀርቷል። ባዶውንና ሰው ቆሞበት ሁለቴ ለኩ። ባዶው ትክክል ሆኖ ሰው ሲቆም ከዘገየ ምንጣፉ እየተንሸራተተ ነው። የሮቦቱ እግር በራሱ ሰዓት ስለሚሄድ ትንሽ ልዩነት በሃያ ደቂቃ ውስጥ ተደማምሮ ጫማውን ይጎትታል።

ሙቀት፦ ከቀኑ 9 ሰዓት፣ ክፍሉ በሞቀበት፣ አሻንጉሊት እግሩን አስራችሁ አንድ ሰዓት ሙሉ አሠሩት። በአይኢሲ 60601 መሠረት ከታካሚ ጋር 10 ደቂቃና ከዚያ በላይ የሚነካካ ክፍል ከ43 ዲግሪ መብለጥ የለበትም። አምራቹ ይህን የሚያሟላው በቀዝቃዛ ክፍል ሊሆን ይችላል፤ ክፍላችሁ 35 ከሆነ የቀራችሁ 8 ዲግሪ ብቻ ነው። ለኩና ካለፈ ሥራውን ወደ ጠዋት አዙሩ ወይም ክፍሉን አቀዝቅዙ። የሞተሩን ማናፈሻ አቧራ በየሳምንቱ ጥረጉ፤ በድሬ አቧራ ወር አይጠብቅም።

ጁገል_ፊዚዮ፦

ሐረር ላይ ሙቀቱ ይቀላል፤ የአለካክ ስህተቱ ግን ያው ነው። ማሽኑ ጤነኛ ሆኖም ሰው የሚያቆስለው በአለባበሱ ነው።

አሻንጉሊቱን ካለፈ በኋላ ጤነኛ ሰው ይውጣበት፣ ሦስት ዓይነት፦ አጭር፣ ረጅም፣ ወፍራም። ለእያንዳንዳቸው የማሽኑን የዳሌ ማዕከል በዳሌ ጎን ጎልቶ ከሚዳሰሰው አጥንት ጋር፣ የጉልበቱን ማዕከል ከጉልበት ውጪ በኩል ካለው የጭን አጥንት ጉብታ ጋር አገናኙ። ቆዳው ላይ በእስክሪብቶ ምልክት አድርጉ። ሃያ እርምጃ አስኬዱና አቁሙ። ማሰሪያው ከምልክቱ ከ1 ሴንቲሜትር በላይ ከተንሸራተተ ማዕከሉ ስቷል ማለት ነው። ማሰሪያውን ማጥበቅ መፍትሔ አይደለም፤ ሮቦቱ በራሱ ማዕከል፣ ጉልበት በራሱ ማዕከል ሲዞሩ ልዩነቱን የሚከፍለው ቆዳ ነው። የጭኑን ርዝመት እንደገና አስተካክሉ።

ልብስ። ሽርጥም፣ ሰፊው የሴት ቀሚስ ድሪያም ማሰሪያ ሥር ይጠቀለላሉ፣ የተጠቀለለው እጥፋት በላብ ሆኖ ቆዳ ይልጣል። ወፍራም ስፌት የሌለው ስስ የጥጥ ሱሪ በተለያየ መጠን ክፍሉ ውስጥ ይዘጋጅ፣ በየታካሚው ይታጠብ። ለሴት ታካሚ መታጠቂያውን የምታስር ሴት ባለሙያና መጋረጃ ይኑር፤ ይህ ከሌለ ብዙ እናቶች ሁለተኛ ቀን አይመጡም።

ቆዳ። የመጀመሪያው ቀን 5 ደቂቃ፣ ፈትታችሁ እዩ፤ ደህና ከሆነ 10። መጽሐፉ «መቅላቱ በ30 ደቂቃ ካልጠፋ አቁሙ» ይላል፤ በእኛ ጠቆር ባለ ቆዳ ላይ ግን መቅላት አይታይም። በእጅ ጀርባ ዳስሱ፦ ከዙሪያው ይሞቃል? ጠንክሯል? ለስልሷል? ከሌላው እግር ጋር አስተያዩ። የማይሰማው ሰው «አመመኝ» አይላችሁም፤ እጃችሁ ነው የሚነግራችሁ። ብሽሽትንና የብልት አካባቢን መታጠቂያው ስለሚጫን በቤተሰብ በኩል ቢሆንም ይታይ።

እነማን አይወጡም፦ ያልጠገገ ስብራት፣ የከፋ የአጥንት መሳሳት፣ ማሰሪያ የሚያርፍበት ቦታ ላይ ቁስል፣ የማይዘረጋ ጉልበት ወይም ዳሌ፣ ያልተረጋጋ የደም ግፊት፣ እግር ውስጥ የደም መርጋት። የህብለ ሰረሰር ጉዳቱ በስድስተኛው የደረት አከርካሪ ላይ ወይም ከዚያ በላይ የሆነ ሰው ድንገት ራሱን ቢያመው፣ ፊቱን ላብ ቢያጠምቀው፣ ግፊቱ ከወትሮው በ20 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ወይም በላይ ቢጨምር ወዲያው አቁሙ፣ አስቀምጡት፣ የሽንት ቱቦው መታጠፉን እዩ። በተቃራኒው ሲንጠለጠል የላይኛው ግፊት በ20 ከወረደ ያዞረዋል። ስለዚህ ግፊት ተቀምጦ፣ ተንጠልጥሎና ከ5 ደቂቃ መራመድ በኋላ ይለካ።

አጀማመሩ፦ ክብደት ማቅለል 40 በመቶ ገደማ፤ ከ50 በላይ ካነሳችሁት ተረከዙ መሬት አይነካም፣ መራመድ መሆኑ ይቀራል። ጉልበቱ እየከዳ እስካልሆነ ድረስ በየጊዜው 5 በመቶ ቀንሱ። የሮቦቱን እገዛም እንዲሁ ቀንሱ፤ መቶ በመቶ ሲረዳ የታካሚው ጡንቻ ይተኛል።

ውጤቱን በማሽኑ ስክሪን አትመዝኑ። ስክሪኑ የሞተሩን ሥራ ነው የሚያሳየው። 14 ሜትር ኮሪደር፣ ከዳርና ዳር 2 ሜትር ትታችሁ መሐል ያለውን 10 ሜትር በሰዓት ያዙ፣ በየሁለት ሳምንቱ፣ በተመሳሳይ ጫማና በጠዋት። ገና የማይራመደውን ከ0 እስከ 5 ባለው የመራመድ አቅም ደረጃ መዝግቡት። የኮክሬን (የሕክምና ጥናቶችን አሰባስቦ የሚመዝን ድርጅት) ግምገማዎች ሮቦቱ ከፊዚዮቴራፒ ጋር ሲጣመር የበለጠ የሚጠቀሙት ስትሮክ ከመታቸው በ3 ወር ውስጥ ያሉና ገና መራመድ ያልቻሉት ናቸው ይላሉ። ተራ ስታወጡ ይህን አስቡ።

ወረቀትም አለ። በእርዳታ ቢመጣም የሕክምና መሣሪያ በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረት በምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ሥር ነው፤ ፈቃዱ ይጣራ። ከታካሚ የምትሰበስቡትን መረጃ ለጥናት ልታወጡት ካሰባችሁ ደግሞ የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ ከመጀመሪያው ታካሚ በፊት ይገኝ።

ሳቢያን_ቴራፒ፦

እግዜር ይስጥልን። አንድ የቀረን፦ መኮማተር ያለበት ሰው ሲወጣ፣ በመመሪያው ገደብ ማሽኑ በየጥቂት እርምጃው ሊቆም ይችላል ይባላል። ያኔ ገደቡ ይላላ ወይስ ሰውየው ይውረድ?

ጁገል_ፊዚዮ፦

አቦ፣ ገደቡን መጀመሪያ እንዳትነኩት። የት እንደሚቆም ቁጠሩ። ሁልጊዜ በእርምጃው አንድ ቦታ ላይ፣ ለምሳሌ እግሩ ሊነሳ ሲል፣ ከቆመ መኮማተር አይደለም፤ ጣቱ ምንጣፉን እየቧጨረ ነው። የእግር ማንሻውን ላስቲክ አጥብቁ ወይም መታጠቂያውን ትንሽ ከፍ አድርጉ። እግሩ ሲዘረጋ ብቻ ከቆመ የጉልበቱ ማዕከል ስቷል። ቦታው ከተቀያየረ ያ መኮማተር ነው።

መኮማተር ከሆነ አውርዱትና አሥር ደቂቃ ዳሌ፣ ጉልበትና ቁርጭምጭሚት በእጅ ቀስ ብላችሁ ዘርጉ። የሽንት ፊኛው ሞልቶ እንደሆነ፣ የእግር ጥፍሩ ሥጋ ገብቶ እንደሆነ፣ አዲስ ቁስል እንዳለ ተመልከቱ፤ እነዚህ መኮማተርን ያባብሳሉ። የመኮማተር መድኃኒት የሚወስድ ከሆነ በስንት ሰዓት እንደወሰደ ጠይቁ። ፍጥነቱን ዝቅ አድርጋችሁ እንደገና ሞክሩ፤ መኮማተር በፈጣን መወጠር ይነሳል።

ከዚራ_07፦

ይህ ሁሉ ተደርጎ አሁንም ከቆመና ሐኪሙ ከተስማማ፣ በአንድ ጊዜ አንድ ደረጃ ብቻ አላሉ። ባላላችሁ ቁጥር ደግሞ ያንን የአሻንጉሊት እግር መልሳችሁ እሰሩና በአዲሱ ገደብ የሚቆምበትን ኪሎ በሚዛኑ አንብቡ። ሰውየው ወርዶ ሌላ ታካሚ ሲመጣ ገደቡ ወደነበረበት መመለሱን ሁለተኛ ሰው ይይ፤ አንዳንዱ ሶፍትዌር የመጨረሻውን ቁጥር ይዞ ይቀጥላል።